የዓሣው ውኃ በምን ይጓዛል?

ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህን የሚያውቀው በክንዱ ነው። አምና ከፒያሳ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስንዛወር ግን ሒሳቡን እንደ አዲስ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ከአልጋው፣ ከቁም ሳጥኑና ከምጣዱ ሌላ የምናጓጉዘው 120 ሊትር ውኃና አራት ጎልድፊሽ ነበረን።

ሰው ይስቃል። ይሳቅ። አባባ ዕድሜውን በሙሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ስትሮክ ከመታው በኋላ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ ቃላትም ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሰው ይቀሩበታል። ሐኪሙ "አስቆጥሩት" አለን። ጣት መቁጠር እንደ ሕፃን መታየት ሆነበትና እምቢ አለ። ወንድሜ ከአንድ የተዘጋ ካፌ በርካሽ የገዛውን አኳሪየም ይዞ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከሳምንት በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ አባባ መስታወቱ ፊት ተቀምጦ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አራት" አለ። ከስትሮኩ ወዲህ ሳያቋርጥ የጨረሰው የመጀመሪያ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ይቆጥራቸዋል። "ቤቱን ልንለቅ ነው" ብለን የነገርነው ቀንም ብዙ አልተናገረም። "ዓሣዎቹስ?" አለ።

ስለዚህ አራት የነበሩት አራት ሆነው መድረስ ነበረባቸው።

ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች "አሮጌውን ውኃ አትድፊ" ይላሉ። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። የዓሣውን ቆሻሻ፣ ማለትም አሞኒያውን፣ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ውኃው ውስጥ ሳይሆን የማጣሪያው ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አጥቦ ወይም ፀሐይ ላይ አድርቆ 120 ሊትር አሮጌ ውኃ መሸከም ትርፉ ድካም ነው። ለእኛ ግን አሮጌው ውኃ የሚጠቅምበት ሌላ ምክንያት ነበር። ፒያሳ የምንጠጣው የግድብ ውኃ ነው። ወደ አቃቂ ወገን ያለው ከከርሰ ምድር ጉድጓድ የሚወጣ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ዓይነት፣ ማዕድን የበዛበት። ዓሣን ከአንዱ ወደ ሌላው በአንድ ጊዜ መዝፈቅ ያስደነግጠዋል። ግማሹን ይዘን ሄደን አዲሱን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መጨመር አለብን። ግማሽ ማለት 60 ሊትር ነው። ጥያቄው ታዲያ በምን የሚለው ሆነ።

እዚህ አገር መልሱ ሁሉም ሰው አፍ ላይ አለ፤ ቢጫው ጀሪካን። (ስሙ ራሱ ረጅም መንገድ የመጣ ነው። ሃያ ሊትር የሚይዘውን የብረት የነዳጅ ዕቃ በ1930ዎቹ የሠሩት ጀርመኖች ናቸው፤ እንግሊዞች ጀርመኖቹን "ጄሪ" እያሉ ይጠሯቸው ስለነበር የጄሪ ጣሳ ሆኖ ቀረ። ሦስት እጀታ የነበረው ሙሉውን ሁለት ሰው እንዲካፈለው፣ ባዶውን ደግሞ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት እንዲያንጠለጥል ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው ፕላስቲኩ አንድ እጀታ ብቻ ይዞ መጣ፤ መዳፍ የሚቆርጠውን።)

ምናለሽ ተራ ሄድኩ። እዚያ የሌለ ዕቃ የለም፤ ጀሪካኑም እንደ ግንብ ተደርድሯል። "እናቴ፣ የምግብ ዘይት የነበረበት ነው፣ ታጥቧል፣ ንጹሕ ነው" ይላል ሻጩ። እየዋሸ አልነበረም፤ ለሰው ንጹሕ ነው። ለዓሣ ግን ዘይት ከባድ ነው። ጀሪካኑ ግድግዳ ላይ የቀረው ቅባት ውኃው ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ከላይ አየር እንዳይገባ ያግዳል። በሳሙና እናስለቅቀው ቢባል ደግሞ የሳሙናው ቅሪት ከዘይቱ ይብሳል። ጀሪካን ሥር ሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈች ቁጥር አለች፤ 2 ከሆነ ለምግብም የሚያገለግለው ጠንካራው ፕላስቲክ ነው ይባላል። ልክ ነው። ቁጥሯ የምትናገረው ግን ዕቃው ከምን እንደተሠራ ነው፤ ውስጡ ምን ሲንቦጫረቅ እንደኖረ አትናገርም። በረኪና የተሸጠበትም፣ የፋብሪካ ኬሚካል የመጣበትም፣ ዘይቱም ሥራቸው ላይ ያው 2 ሊሆን ይችላል።

ለናሙና አንድ ገዝቼ ቤት ገባሁ። አባባ በግራ እጁ ወደ ራሱ ሳበው። እኔ አፉን ላሸተው ስል ራሱን ነቀነቀ። "ክዳኑን" አለ። ነዳጅና ውኃ በአንድ መኪና ሲጭን የኖረ ሰው ነዋ! ክዳኑን ፈትቶ ውስጡን አሸተተ፣ ለእኔም ሰጠኝ። የጀሪካኑ ሆድ ምንም አይሸትም ነበር፤ የክዳኑ ጥርስ ውስጥ ግን ጋዝ አለ። ዘይት ነው የተባለው ዕቃ ከዘይቱ በኋላ ሌላ ሕይወት ኖሮበታል። እሱን መጥረጊያ ማጠቢያ አደረግነው።

አዲስ ጀሪካን ከአሮጌው በብዙ ይወደዳል። ባለ ሃያውን ትቼ ባለ አሥር አራት ገዛሁ። ዋጋው በሊትር ሲሰላ ይከፋል፤ ግን የወንድሜ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ የኔም ወገብ ዋጋ አለው። ለቀሪው 20 ሊትር ሃይላንድ ነበረኝ። ሰው ሃይላንድን ይንቃል እንጂ ከሁሉም በላይ የማምነው ዕቃ እሱ ነው፤ ከውኃ ሌላ ምንም ገብቶበት አያውቅም። የዘመድ ሰርግ ማግስት ባለ ሁለት ሊትሮቹን እየመረጥኩ አሥር ሰበሰብኩ። አንዱ ቢፈስ የሚጠፋው ሁለት ሊትር ነው፤ የስምንት ዓመት የወንድሜ ልጅም ሁለት ሁለት እያደረገ ያወጣዋል።

ዓሣዎቹ ራሳቸው የሚገቡበት ዕቃ ግን ጠባብ አፍ ሊኖረው አይችልም። የግንባታ ቦታ የቀለም ባልዲ ሰው ሁሉ ይመክራል፤ እኔ አልወደውም፣ የደረቀ ቀለም ቀን ጠብቆ ይላጣል። ያገኘሁት መፍትሔ የማር ባልዲ ነው። መርካቶ ማር የሚሸጥበት፣ ነጩ፣ ግጥም የሚል ክዳን ያለው። ማር ደግሞ እንደ ዘይት አያስቸግርም፤ ሙቅ ውኃ ብቻ ያለ ሳሙና ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል። ሃያ ሊትር ከሚይዘው ውስጥ አሥር ብቻ ሞላሁ፤ ከውኃው በላይ ያለው አየር የመንገድ ስንቃቸው ነው። ስፖንጁ እንዳይደርቅ በሌላ ባልዲ፣ አሮጌ ውኃ ውስጥ፣ ሳይታፈን።

ግቢያችን ውስጥ ያሉ አንዲት እናት ሳዘጋጅ አይተውኝ "ልጄ፣ ለሰው የጠፋ ውኃ ለዓሣ?" አሉኝ። ሐሙስ ሌሊት ባልዲ ይዘው ቧንቧ ሥር የሚያድሩ ሴት ናቸው፤ የመናገር መብት አላቸው። በየሳምንቱ ከአኳሪየሙ የምቀዳው ሠላሳ ሊትር የሚደፋ እንዳልሆነ፣ አትክልቱንም መጸዳጃውንም የሚያገለግለው እሱ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሙሉ በሙሉ አላመኑኝም መሰለኝ። የዛን ቀን የተረፈውን 50 ሊትር ግን ለጎመናቸው ወሰዱት።

ዕቃው በአይሱዙ ሄደ። መስታወቱ ባዶውን፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፤ ጥቂት ውኃ እንኳ ቀርቶበት ቢነሳ ስፌቱ ይለቃል። ዓሣዎቹ በታክሲ ከእኛ ጋር ሄዱ። አባባ የማር ባልዲውን በጉልበቶቹ መሀል አቅፎ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሾፌሩን "ቀስ" ይለዋል። ቃሊቲ ስንደርስ ክዳኑን ከፈት አድርጌ አየር አስገባሁ። አጎንብሶ አየ። ውስጡ ጨለማ ስለነበር ቆጥሮ ሦስት ላይ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ፣ ሦስት ላይ ቆመ። ቃሉ እንደጠፋው ወይም ዓሣው እንደጠፋ አላወቅኩም፣ መጠየቅም ፈራሁ። በስልኬ አበራሁለት። አራተኛው ከሌላኛው ሥር ተደብቆ ነበር። "አራት" አለና ክዳኑን ራሱ ገጠመው።

አዲሱ ቤት ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ጀሪካኖቹ ከቧንቧው ቀድተው በረንዳ ድረስ ያመጣሉ፤ ግን ክዳናቸው እንደተዘጋ የክሎሪኑ ጠረን አይወጣም። አንድ ቀን አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ተከፍቶ መቆየት አለበት (ክሎራሚን የሚባለው ዓይነት ግን ተከፍቶ ስለዋለ ብቻ አይለቅም፤ ለእሱ መድኃኒት ይገዛል)። ለዚህም የማር ባልዲውን የሚያክል የለም። ችግሩ የወንድሜ ሚስትም ለሽሮ ዱቄት ዓይኗን ጥላበታለች፤ ክዳኑ ነቀዝ አያስገባም ትላለች፣ እውነቷን ነው። ለጊዜው በወፍራም ማርከር "የዓሣ" ብዬ ጽፌበታለሁ። ለእሷም ሌላ እንዳመጣላት ቅዳሜ መርካቶ እወርዳለሁ።