መርካቶ በረዶ ሲጥል

ሚኒያፖሊስ ያሉ ዘመዶቻችን ጥር ሲገባ በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ ቆመው የተነሱትን ፎቶ ይልኩልናል። ይላኩ! እኛም በክረምት መርካቶ አለችን፤ ለበረዶ ሲባል ራስ ዳሽን መውጣት የግድ አይደለም።

በረዶው ሲጀምር የምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ጆሮ ያደነቁራል። ሻጩ ሸራ ሊወጥር ይሯሯጣል፣ ተሸካሚው ባዶ ጆንያ አናቱ ላይ ይደፋል። ሲያባራ በራጉኤልና በአንዋር መስጊድ መካከል ያለው መንገድ ጨው የተበተነበት ይመስላል።

ፎቶ ማንሳት የፈለገ ይፍጠን። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም መሬቱ ሙቀት ስላለው በረዶው ብዙ አይቆይም። የስልክ ካሜራ ደግሞ ነጩን ሁሉ ግራጫ ማድረግ ይወዳል፤ ስክሪኑን ነካ አድርጋችሁ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ከሩቅም አታንሱ፣ ጎንበስ በሉ። ቀይ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ የተጠራቀመ፣ ጠርዙ መሟሟት የጀመረ የበረዶ ፍሬ ለእኔ ከየትኛውም ሐይቅ ይበልጣል (አድሏዊ ነኝ፣ አውቃለሁ)።

ብቻ ዕቃው የራሰበትን ነጋዴ ሳታስፈቅዱ እንዳታነሱ። መጀመሪያ ስልኩን ኪሳችሁ ከታችሁ የሸራውን አንድ ጫፍ ያዙለት።