እናቴ ክንዴን በጥፍሯ ስትጭር

ለመሆኑ በልጅነታችሁ ከእናታችሁ ደብቃችሁ እስከ ዛሬ ያልተናገራችሁት ነገር አለ? “የለም” የምትሉ ካላችሁ እናንተን ማመን ይከብደኛል። እኔ ግን ነበረኝ። 17 ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖሬ፣ የተነፈስኩት በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ፣ ገና የ7 ዓመት ልጅ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮቴውን አጥፍቶ በጓሮ በኩል ገባ። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ምጣዱን አወረደችና ጠራችው። “የት ነበርክ?” አላለችውም። ክንዱን ያዝ አደረገችና በጥፍሯ ከላይ ወደ ታች ጫረችው። ነጭ መስመር ወጣ። “ጣና ገብተሃል!” አለች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሆዴ ቡጭ አለ። ያ ጥፍር እኔንም ያውቀኛል…

የባሕር ዳር ልጅ የሆነ ሁሉ ይህን ምርመራ አይስተውም። ውሃ ውስጥ ቆይቶ የወጣ ገላ ሲደርቅ ያመዳል። በጥፍር ሲጫር ነጭ መስመር ያወጣል። እናትህ እሱን ካየች መሐላ አያድንህም፤ የሚጠብቅህ ልምጭ ነው፤ ወይም ደግሞ “በበርበሬ አጥንሃለሁ” የሚለው ማስፈራሪያ።

እኔ ልጅ ሳለሁ ባሕር ዳር እንዳሁኑ አልነበረችም። ብስክሌት ገና በባጃጅ ያልተሸነፈባት ከተማ ነበረች። በዘንባባዎቹ ጥላ ሥር በኪራይ ብስክሌት እየተጋፋን እንነዳለን፣ እንወድቃለን፣ ጉልበታችን ይላጣል። የሰፈራችን አባቶች ገሚሶቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ነበሩ። ፋብሪካው ጣሊያን በጦር ካሣ በከፈለችው ገንዘብ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመ መሆኑን ያወቅሁት ከአደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ለኛ የጓደኛችን አባት ጠዋት የሚገባበት ግቢ ብቻ ነበር። ዛሬ አባይን የምንሻገረው በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው 380 ሜትር በሚረዝመው አዲሱ ድልድይ ነው። ያኔ ግን አሮጌው ድልድይ ላይ ቆመን “ጉማሬ! ያውና!” እያልን ስንጮህ ነበር የምንውለው።

ከሁሉ የሚበልጥብን ግን ጣና ነበር። ጠዋት ጠዋት ከዘጌ በኩል ታንኳዎቹ እንጨት ተጭነው ይመጣሉ። ከደንገል የተሠሩ ናቸው። ደንገሉ ውሎ ሲያድር ውሃ ይጠጣና ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ያስመታዋል። እኛ ልጆች ዳር ላይ ተደርድረን “ዛሬ ስንት መጣ?” እያልን እንቆጥራቸው ነበር።

እናቴ የዘጌ ልጅ ናት። የዘጌን ቡና ሽታ ከሌላው ቡና ለይታ ታውቃለች። ታዲያ ሁለት ነገር ይገርመኝ ነበር። አንደኛ፣ በታንኳ የመጣ እንጨት አትገዛም። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ከዳርቻው እየገዙ ሲመጡ እሷ ቅዳሜ ገበያ ሄዳ በአህያ የመጣውን ትገዛለች፤ ዋጋውም ወደድ ይላል። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ወደ ዘጌ ስትሄድ ጀልባ አትሳፈርም። ጀልባው አንድ ሰዓት ገደማ ቢሄድ ነው። እሷ ግን በመሬት ዞራ፣ በመኪና ተጨናንቃ፣ ነጠላዋ አቧራ ጠጥቶ ትደርሳለች። “እማዬ ለምን በጀልባ አንሄድም?” ስላት “ዝም በል!” ነው መልሷ። ሁልጊዜም “ዝም በል!” “ለምን ውሃ አልገባም?” “ዝም በል! ብትገባ እገድልሃለሁ።” አለቀ!

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ! ከጣና ጋር እያደረ፣ የከተማው ስም ራሱ “ባሕር ዳር” እየተባለ፣ ልጅ ውሃ አይግባ ቢባል ይሰማል? ሰማን ወይ? አልሰማንም። መደበቅ ግን ተማርን።

አንድ ጓደኛ ነበረኝ። አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር ነን። ከእህቱ ሣጥን ቫዝሊን ሰርቆ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣል። ዋኝተን ስንወጣ ገላችንን እንቀባና የእናቶቻችን ጥፍር ምንም ሳያገኝ ይቀራል። ዋኝተን ስል ደግሞ ዋናተኞች እንዳይመስሏችሁ! ባዶ ጀሪካን አቅፈን እግራችንን ማወራጨት ነው እንጂ አንዳችንም ዋና አናውቅም ነበር።

ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ነው። አራተኛ ክፍል ነን፤ የጠዋት ፈረቃ ስለነበርን ከምሳ በኋላ ነፃ ነን። በሽምብጥ በኩል ወርደን ገባን። የጣናን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ጠዋት ነው ውሃ ላይ የሚወጣው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ሐይቁ ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ይህን ግን ማንም አልነገረን። የተነገረን “እገድልሃለሁ” የሚለው ብቻ ነው።

እኔ ብርድ ብርድ ብሎኝ ቀድሜ ወጣሁ። ጓደኛዬ እዚያው ቀረ። ነፋሱ መጣ። አንዱ ማዕበል ጀሪካኑን ከእቅፉ ነጠቀው። ጀሪካኑ እየተንሳፈፈ ወደዚያ፣ እሱ ወደዚህ። ጣና በስፋቱ ከ3 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ቢሆንም፣ ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ቢደርስ ነው ይላሉ። ለአሥር ዓመት ልጅ ግን ሁለት ሜትርም ይበቃል። ጓደኛዬ አልጮኸም። በፊልም እንደምናየው እጁን እያወዛወዘ “አድኑኝ!” አላለም። አገጩ ውሃው ላይ፣ ዓይኑ እኔ ላይ… ብቅ ይላል፣ ጥልቅ ይላል።

ከኔ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት የሰፈራችን ሴቶች ልብስ ያጥቡ ነበር። ብጮህ ይሰማሉ። ግን ደግሞ ለእናቴ ይነግራሉ! በዚያች ሰዓት ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣው ይኸው ነው። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። ለኔ ዓመት ነበር።

ያዳነው መረብ ሊያነሣ የመጣ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነው። ከታንኳው ላይ ሆኖ መቅዘፊያውን ዘረጋለትና ያዘ። ዳር አውጥቶ ውሃውን ካስተፋው በኋላ ወደኔ ዞሮ “አንተ! ምነው አትጮህም? ምላስህን ውሃ ወሰደው?” አለኝ። ምን ልበለው?

ማታ እናቴ ክንዴን ጫረችው። ምንም የለም፤ ቫዝሊኑ ሥራውን ሠርቷል። “ጎበዝ ልጄ” ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። አንባቢዎቼ! ዱላ እንደዚያ መሳም አያምም።

በማግስቱ ጓደኛዬ ትምህርት ቤት “አይተኸኝ ነበር አይደል?” ሲል ጠየቀኝ። “አላየሁህም፤ ልብሴን እየለበስኩ ነበር” አልኩት። ከዚያ ወዲያ አንድ ወንበር ላይ ብንቀመጥም ጓደኝነቱ እዚያው ውሃ ውስጥ ቀረ። በዓመቱ ቤተሰቡ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

ወደ እናቴ ልመለስ። ያን ዕለት የእህቴን ልጅ ልምጭ ልትመዝበት ስትል ያዝኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ቫዝሊኑን፣ ጀሪካኑን፣ ሴቶቹን፣ አለመጮኼን… ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ቡናው አሮ እስኪጨስ ድረስ ዝም አለች። ከዚያ በሕይወቷ ለልጆቿ ነግራ የማታውቀውን ነገረችኝ።

ወንድም ነበራት። በ1974 ዓ.ም. እሱ 18 ዓመቱ፣ እሷ 12 ነበሩ። ጎህ ሲቀድ እንጨት ጭኖ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ይመጣል፣ ሸጦ ነፋስ ሳይነሣ ይመለሳል። አንድ ቀን “ሻሽ ግዛልኝ” አለችው። ሻሽ ሲፈልግ ገበያ ውስጥ ቆየና ረፈደበት። ሲመለስ ነፋሱ መንገድ ላይ አገኘው። ታንኳዋ ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። “ሻሽ ባልለው ኖሮ…” አለችኝና ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

43 ዓመት! ለካስ “ዝም በል!” የምትለኝ እኔን አልነበረም። ራሷን ነበር።

እኔ ምክር ሰጪ ሊቅ አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን ከዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ልጃችሁን “አትግባ” ስትሉት ምክንያቱን ንገሩት። “አጎትህን የወሰደው የከሰዓት ነፋስ ነው” ብትለኝ ኖሮ ምናልባት ጠዋት እገባ ነበር፤ ነፋስ ሲነሣም እወጣ ነበር። ማስፈራሪያ ብቻ የሰማ ልጅ የሚፈራው ውሃውን ሳይሆን እናቱን ነው። እናቱን የሚፈራ ልጅ ደግሞ ጓደኛው ሲሰጥም አይጮህም። ስለዚህ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት፦ “የትም ብትሆን፣ ምንም ብታጠፋ፣ ሰው አደጋ ላይ ካየህ ጩህ። በዚያ ቀን አልመታህም።” ቃላችሁንም ጠብቁ።

ሌላው፣ ዋና አስተምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ 300 ሺህ ሰው በውሃ ሰጥሞ ሞቷል፤ አብዛኛው እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። ድርጅቱ ከ6 ዓመት በላይ ያሉ ልጆች መሠረታዊ ዋና እንዲማሩ ይመክራል። ሕፃናትን ደግሞ ውሃ አጠገብ ለደቂቃም ቢሆን ብቻቸውን አትተዋቸው። በየዓመቱ ሐምሌ 18 የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ በዓለም ይታሰባል። ከአንገት በላይ ለጮኸ ሰው ብቻ አትሩጡ፤ የሚሰጥም ሰው እንደ ጓደኛዬ ብዙውን ጊዜ ዝም ነው የሚለው። ዋና ሳታውቁ ዘላችሁ አትግቡ፤ ሁለት ሬሳ ይሆናል። ገመድ፣ እንጨት፣ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ወርውሩለት፤ ጩኹ።

ጣናም የራሱ ጠባይ አለው። ጉማሬ አለ። በዳርቻው ቅጠል መካከል ባለው ቀንድ አውጣ የሚተላለፈው ቢልሃርዚያ አለ፤ ልጁ ሆዱን ካመመውና ደም ካየ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ መድኃኒት አለው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እንቦጭ የሚሉት አረም መጥቷል። እንቦጭ ባለበት ልጅ አይግባ፤ እግር ይጠልፋል። አቅም ያለው የሆቴል መዋኛ ይውሰድ፤ የሌለው ጠዋት፣ ቅጠል የሌለበትን ቦታ መርጦ፣ ዋና ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሁን።

የጓደኛዬን ስልክ አፈላልጌ አገኘሁ። ሦስት ቀን ሳመነታ ቆይቼ ደወልኩ። ከሰላምታ በኋላ “ያን ቀን አይቼህ ነበር” አልኩት። ትንሽ ዝም አለና “አውቃለሁ” አለ። “እናትህን ትፈራ ነበር። እኔም ብሆን አልጮህም ነበር መሰለኝ” አለ። ከዚያ ስለ ልጁ አወራን። ሴት ልጅ አለችው። ዋና ታውቃለች።

የእህቴን ልጅ ዋና የሚያስተምረው አንድ የሰፈራችን ወጣት ነው። እኔም አብሬ እማራለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሕፃናት ይስቁብኛል! ወገባችን ላይ ገመድ ታስሮ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት። መጀመሪያ ቀን እናቴ መጣችና ዛፍ ሥር ጀርባዋን ለጣና ሰጥታ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ዞረች። በሳምንቱ ልጁ ከውሃ ሲወጣ ፎጣ ይዛ ጠበቀችው። ክንዱን አልጫረችም፤ አደረቀችው።

የካቲት 16 ሲደርስ ግን እንደ ልማዷ በመሬት ዞራ ወደ ዘጌ ሄደች። በጀልባ ካልሄድሽ ብዬ አልተጫንኳትም። ስትመለስ ቡና ይዛ መጣች፤ ነጠላዋ አቧራ ጠጥቷል። እያራገፈች፣ ስሙን ጠርታው የማታውቀውን ወንድሟን ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠራችልኝ።

እናንተስ አንባቢዎቼ… ልጆቻችሁን “ዝም በል!” ያላችኋቸው ስለምን ይሆን?