የናይቫሻ ሐይቅና የውኃ ሊሊው ጥላ

ከናይሮቢ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ መንገደኛ፣ ከደጋው አፋፍ ደርሶ ቁልቁል በተመለከተ ጊዜ፣ በስተግራው የሎንጎኖትን ተራራ፣ ከዚያም ወዲያ በሰፊው ሜዳ ላይ የተንጣለለውን የናይቫሻን ሐይቅ ያያል። ሐይቁ ያረፈበት ሸለቆ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የዝዋይን፣ የላንጋኖንና የሐዋሳን ሐይቆች ያቀፈው ታላቁ የስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ እየወረደ ኬንያን አቋርጦ የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ ኢትዮጵያዊው ተጓዥ ከዚያ ሲደርስ ግራሩንም፣ ጉማሬውንም፣ ዓሣ በሉን ንስርም እንደ ቀድሞ ወዳጆቹ ያገኛቸዋል። ነገር ግን በናይቫሻ ውኃ ውስጥ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ታሪኩም ከአንድ የውኃ አበባ ታሪክ ጋር የተሳሰረ አንድ ዓሣ ይኖራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱን ነገር ለአንባብያን ማስረዳት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናይቫሻ ከባሕር ወለል በላይ 1,890 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ከአበርዴር ተራሮች የሚወርደው የማሌዋ ወንዝ ዋናው መጋቢው ነው። ወደ ውጭ የሚፈስስ ወንዝ ባይኖረውም፣ ውኃው በምድር ውስጥ እየሰረገ ስለሚወጣ፣ ጎረቤቶቹ ናኩሩና ኤልመንቴይታ ጨዋማ ሲሆኑ እርሱ ጣፋጭ ሆኖ ቀርቷል። ስሙ ከማሳይ ቋንቋ የተወረሰ ሲሆን፣ ትርጓሜውም የሚናወጥ ውኃ ማለት ነው። ይህም በከንቱ የተሰጠ ስም አይደለም፤ በማለዳ እንደ መስተዋት የረጋው ሐይቅ፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ትንንሽ ጀልባዎችን የሚያስጨንቅ ማዕበል ያነሣል። ስለዚህ ዓሣ ለማጥመድ የሚሻ እንግዳ ገና ጎሕ ሲቀድድ ከባሕሩ ዳር መገኘት ይገባዋል።

በጥንት ጊዜ በዚህ ሐይቅ ውስጥ ከትንንሽ ዓሦች በቀር ለመረብም ለመንጠቆም የሚበቃ ዓሣ አልነበረም። በ1925 ቲላፒያ ተጨመረበት፤ በ1920ዎቹም መጨረሻ አፈ ሰፊው ባስ ከአሜሪካ መጥቶ ተለቀቀ። ያመጡትም በዘንግና በመንጠቆ ማጥመድን እንደ ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች ደስ እንዲላቸው ነበር። ባስ ጀርባው አረንጓዴ፣ ጎኑ በጥቁር መስመር የተሸነተረ፣ አፉ ሲከፈት ከዐይኑ ወደ ኋላ የሚያልፍ ኀይለኛ ዓሣ ነው። መንጠቆ ሲይዘው ከውኃው ዘልሎ ራሱን እያራገፈ ይታገላል፤ አጥማጆችም የሚወዱት ስለዚህ ትግሉ ነው።

ባስ አዳኝ ነው፤ አደኑም በሩጫ ሳይሆን በማድባት ነው። ከጥላ ሥር ጸጥ ብሎ ይቆማል፤ ትንሽ ዓሣ ወይም እንቁራሪት በአጠገቡ ባለፈ ጊዜ ባንድ ግሥጋሤ ይውጠዋል። ለዚህም ዓይነቱ አኗኗር ከውኃ ሊሊ የሚሻል ቤት የለውም። የውኃ ሊሊ ሥሯን ከሐይቁ ወለል ጭቃ ውስጥ ተክላ፣ ረጅም አገዳዋን ወደ ላይ ልካ፣ ክብና ሰፊ ቅጠሏን በውኃው ፊት ላይ የምትዘረጋ አበባ ናት። ቅጠሉ ከላይ ጥላ ይሆናል፤ ከሥሩ ግን በአገዳዎቹ መካከል ዓሣው እንደ ልቡ የሚመላለስበት አዳራሽ ይተርፋል። በቅጠሎቹም መካከል ብርሃንና ነፋስ የሚገባባቸው ክፍት ቦታዎች ይኖራሉ።

በባስ የትውልድ አገር በአሜሪካ፣ ይህ ቤት ከወቅቱ ጋር ይሠራል፤ ከወቅቱም ጋር ይፈርሳል። በጸደይ ውኃው ሲሞቅ አዲሱ ቅጠል ከጭቃው ይወጣል፤ ወንዱ ባስም ዳር ዳሩን ወለሉን ጠርጎ ጎጆ ያበጃል፤ እንቁላሉንም ሳይሰለች ይጠብቃል። በበጋ ቅጠሉ ውኃውን ሲሸፍነው፣ ዓሣው የቀትሩን ፀሐይ ሸሽቶ ከጥላው ሥር ይከትማል። በመከር ቅጠሉ እየቢጫ ይበሰብሳል፤ ዓሣውም ገና አረንጓዴ የሆነውን ቅጠል እየፈለገ ይሰደዳል። ክረምት ሲገባም ወደ ጥልቁ ወርዶ ጥቂት እየበላ ቅዝቃዜው እስኪያልፍ ድረስ ይቆያል። የአገሩ አጥማጅም ይህን ሥርዓት እንደ ገበሬ ያጠናዋል።

ናይቫሻ ግን ከምድር ወገብ አጠገብ ስለ ሆነ በረዶ አያውቅም፤ ወቅቱን የሚለየው ዝናሙ ነው። በጥርና በየካቲት ደረቅ ወራት ውኃው ይጎድላል፤ ባሱም ጥላና ጥልቅ ቦታ ይፈልጋል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ረጅሙ ዝናም ሲመጣ፣ ማሌዋ ደፍርሶ ይወርዳል፤ ሐይቁም ሞልቶ ከዳር ያለውን ሣር ያጥለቀልቃል። ባስ የሚያድነው በዐይኑ ስለ ሆነ ከደፈረሰው ውኃ ይሸሻል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ደመና በሰማይ ላይ ስለሚውል ዓሣው ከጥላው ወጣ ብሎ ይመገባል። በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ አጭሩ ዝናም ይከተላል።

በቅጠል መካከል የሚያጠምድ ሰው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ መንጠቆው ቅጠል እንዳይዝ ጫፉ የተከለለ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ማባበያውን፣ ለምሳሌ በእንቁራሪት አምሳል የተሠራውን ጎማ፣ በቅጠሉ ላይ ቀስ እያለ ስቦ ከክፍቱ ቦታ ሲደርስ ጥቂት ማቆም ይገባዋል፤ ባስ ብዙ ጊዜ የሚመታው በዚያች ቅጽበት ነው። ሦስተኛ፣ ክሩ ጠንካራ ሊሆን ይገባል፤ ዓሣው እንደ ተያዘ ወዲያው ራሱን ወደ ላይ ካልሳቡት፣ ክሩን ባገዳው ላይ ጠምጥሞ ያመልጣልና።

ዛሬ ይህን ጥበብ ተምሮ ወደ ናይቫሻ የሚወርድ ሰው፣ ቀድሞ ዳር ዳሩን ይዞ የነበረውን የሰማያዊ አበባ ሜዳ አያገኘውም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ኮይፑ የሚባል፣ ከአይጥ ወገን የሆነ ትልቅ የውኃ እንስሳ፣ ለጠጉሩ ከሚረባበት ስፍራ አምልጦ ወደ ሐይቁ ገባ፤ ሊሊውንም ይበላ ጀመር። በ1970 ደግሞ ክሬይፊሽ የተባለ፣ ሸርጣን የመሰለ ቀይ ፍጥረት፣ ለንግድ ይጠቅማል ተብሎ ተጨመረ። ይህ ፍጥረት ያገኘውን ተክል ሁሉ እየቆረጠ ስለሚበላ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሊሊውም ከውኃ በታች የሚበቅሉትም ተክሎች ጠፉ። በኋላ ክሬይፊሹ ሲያንስ የውኃ ውስጥ ተክሎቹ ይመለሳሉ፤ ሲበዛም መልሰው ይጠፋሉ።

ነገሩን የሚያስደንቀው፣ ባስ ይህን ቤቱን ያፈረሰበትን ፍጥረት ዋና ምግቡ ማድረጉ ነው። ለጊዜው ሲታይ ለባስ ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ምግብ ብቻውን ዓሣን አያኖርም። ጫጩቱ የሚሸሸግበት ቅጠል ሲጠፋ፣ ጭቃውን የሚይዘውም ሥር ሲነቀል፣ ውኃው ይደፈርሳል፤ በዐይኑ የሚያድን ዓሣም ይቸገራል። በ2001 በሐይቁ የታየው ካርፕ ደግሞ ምግቡን ከወለሉ እየቆፈረ ጭቃውን ያናውጣል። በ1959 በመረብ ለገበያ ማጥመድ ከተጀመረ ወዲህ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ በዚህ ሐይቅ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ዓሣው ስለ ተመናመነ በ2001 ማጥመድ ለአንድ ዓመት ያህል ተከልክሎ ነበር። ዛሬ የአጥማጆቹን ጀልባ የሚሞላው ካርፕና ቲላፒያ ነው፤ ባስ ከድርሻው ጥቂቱን ብቻ ይዟል።

በሊሊው ስፍራ የመጣ ሌላ ቅጠልም አለ፤ እርሱም በ1988 ናይቫሻ የገባው እምቦጭ ነው። ከ2011 ጀምሮ በጣና ላይ ያደረሰውን ጉዳት ያየ አንባቢ ስለዚህ አረም ብዙ መስማት አያሻውም። ባስ ከእምቦጩ ምንጣፍ ጠርዝ ሥር ይሸሸጋልና አንዳንድ ሰው ሁለቱ ቅጠሎች አንድ ናቸው ይል ይሆናል። ነገር ግን ሊሊ ከመሬት የተተከለች ስለ ሆነች ከቦታዋ አትንቀሳቀስም፤ ለብርሃንም መግቢያ ትተዋለች። እምቦጭ ግን ሥሩ በውኃ ላይ ተንሳፍፎ ነፋስ ወደ ነዳው ይሄዳል፤ በተጠጋጋም ጊዜ ብርሃንን ይከለክላል፤ ከሥሩ ያለውንም ውኃ ያፍነዋል። የጀልባውንም መንገድ ስለሚዘጋ አጥማጁ መረቡን ከጣለበት ለመድረስ ይቸገራል።

በሐይቁ ዳር ያለው ደንገልም ከወንዙ የሚመጣውን ደለል የሚያጠራ ወንፊት ነበር። ለእርሻና ለአበባ ልማት ሲባል ከደንገሉ ብዙው ተመንጥሯል። የአበባው ልማት ለብዙ ሺህ ሠራተኞች ደመወዝ የሚያስገኝ ስለ ሆነ ተነሥቶ ይሂድ ማለት ከባድ ነው፤ የደንገሉን ዳርቻ ሳይነኩ መተው ግን ለአበባው ባለቤትም፣ ለዓሣ አጥማጁም፣ ለወፉም የሚበጅ ነው። ናይቫሻ በ1995 በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጥበቃ ከሚገባቸው እርጥብ ስፍራዎች መካከል ተመዝግቧል።

እንግዲህ ወደ ናይቫሻ ለመሄድ የሚያስብ አንባቢ የአገሩን ጀልባ ነጂ ይከራይ፤ ጉማሬ ከደንገሉ ሥር ተሸሽጎ የሚውልበትን ቦታ ለይቶ የሚያውቀው እርሱ ነውና። ዘንጉንም ከደንገሉ ጠርዝና ከእምቦጩ ዳር ይሞክር። ከአንድ ሐይቅ ወደ ሌላው ሲሻገር ግን ጀልባውንና መረቡን አጥቦ ያድርቅ፤ ሕይወት ያለውንም ዓሣ፣ ቅጠልም ቢሆን፣ ይዞ አይሂድ። ባሱም፣ ኮይፑም፣ ክሬይፊሹም ወደ ናይቫሻ አካባቢ የደረሱት ጥቅም ያስገኛሉ ባሉ ሰዎች እጅ ነበር። ለመጨመር አንድ ቀን በቅቷል፤ የጠፋውን የሊሊ ሜዳ ለመመለስ ግን አርባ ዓመትም አልበቃም። በአገራችንም የሐይቅ ዳር ነዋሪ፣ ዓሣውን ከመቁጠሩ በፊት ዓሣው የሚጠለልበትን ቅጠል መጠበቅ ይገባዋል።