ጭሱን የቆጠሩ ጎረቤቶች

ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ሱቆች ደጃፍ ላይ የሚሰቀለውን ቀሚስ ልብ ብላችሁ እዩት። ለአላፊ አግዳሚ ማሳያ ከወጣው ውስጥ ብዙው ላስቲክ ለብሷል። ነጋዴዋ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት መጀመሪያ የምታደርገው ላስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ነው። ከጨርቁ ተጨምቆ የሚወርደው ውሃ የአቧራ ቀለም ብቻ ቢሆን ቡኒ በሆነ ነበር፤ እሱ ግን ጥቁር ነው፣ በጣት ሲያሹትም ቅባት ቅባት ይላል። ከሱቁ ፊት ለፊት ወደ እንጦጦ የሚያወጣው ዳገት አለ። ሰው የሞላ አውቶቡስና ብሎኬት የጫነ አይሱዙ ማርሽ ቀንሰው እያጓሩ ሲወጡ፣ ከማርሚታቸው የሚተፉት ጭስ የሚያርፈው እዚያ ነጭ ጥጥ ላይ ነው። ላስቲክ ያልለበሰው ደግሞ የነጋዴዋ ሳንባ ነው።

ጋራዥ የሚውል ሰው ጭስን በቀለሙ ያነበዋል። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይበላል። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቶ አየሩ አንሷል፤ ፖምፓው መታየት፣ የአየር ፊልትሮውም መጽዳት አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ እዚህ ያለው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ከወደቡ በደህና የተነሣ አሮጌ የጭነት መኪና እዚህ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል። በደንብ ሳይቃጠል የቀረው ናፍጣም ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል።

እያስነጠሰን፣ አፍንጫችንን በነጠላ ጫፍ ሸፍነን የምናልፈው የሚታየውን ጭስ ነው። ይበልጥ የሚጎዳው የማይታየው ነው። ከጥቀርሻው ውስጥ ደቃቁ ከሰው ፀጉር ውፍረት አንድ ሠላሳኛውን እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህም ሳንባ ጥግ ድረስ ገብቶ ወደ ደም ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ መድቦታል።

እንዲህ ያለውን ጥቁር ዱቄት ከመስኮታቸው ደፍ ላይ ሲጠርጉ የኖሩ ሌሎች ሰዎች አሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ የምትባለውን ከተማ ብዙ ሐበሻ ያውቃታል፤ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የእኛም የኤርትራውያንም ምግብ ቤቶች ተደርድረውባታል። የዚህችው ከተማ ምዕራባዊ ሰፈር፣ ዌስት ኦክላንድ፣ ለረጅም ዘመን የጥቁር አሜሪካውያን መኖሪያ ሆኖ የቆየ ነው። በአንድ በኩል ትልቁ የኮንቴይነር ወደብ አለ፤ በሌላው በኩል ፈጣን መንገዶች እንደ አጥር ከበውታል። ከነዚያ መንገዶች አንዱ ሰፈሩን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያፈርሰው፣ ነዋሪዎቹ በቦታው ተመልሶ እንዳይሠራ ታግለው ወደ ዳር እንዲወጣ አደረጉ። ዛሬ በስፍራው ማንዴላ ፓርክዌይ የሚባል ዛፍ የተተከለበት ጎዳና አለ።

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። መንገዱ ቢነሣም ጭሱ ከሰፈሩ አልጠፋም፤ ልጆች በአስም መታፈናቸውን አላቆሙም። ወይዘሮ ማርጋሬት ጎርደንን የመሰሉ የሰፈሩ ሰዎች ፓሲፊክ ኢንስቲትዩት ከሚባል የጥናት ተቋም ጋር ተባብረው መኪና መቁጠር ጀመሩ። መንገድ ዳር ቆመው በየትኛው ጎዳና ስንት የጭነት መኪና እንዳለፈ፣ የትኛው ሞተሩን ሳያጠፋ እንደቆመ መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ጥናታቸው፣ በሰፈሩ በአንድ ስኩዌር ማይል ላይ የሚለቀቀው የናፍጣ ጥቀርሻ ከካሊፎርኒያ አማካይ 90 እጥፍ መሆኑን አሳየ። እናቶች ለዓመታት «ልጄ ታፈነብኝ» ሲሉ ጩኸታቸው ሰሚ ያጣ ነበር። ቁጥር ይዘው ሲመጡ ግን ወንበር ተሳበላቸው።

ወንበሩ የተሳበላቸው ማንም የግድ ሳይላቸው በፈቃዳቸው የመሠረቱት ጉባኤ ላይ ነው። የሰፈሩ ማኅበርና የፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አብረው እየመሩት፣ የወደቡ፣ የከተማው፣ የጤና ቢሮውና የጭነት ሥራው ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ከዚህ ሁሉ ጥረት በኋላ የጭነት መኪና የሚሄድበት መንገድ ከመኖሪያው ተለየ። ወይዘሮ ማርጋሬትም እ.ኤ.አ. በ2007 የዚያው ወደብ ቦርድ አባል ሆነው ተሾሙ።

እዚህ ላይ የሾፌሮቹ ነገር መነሣት አለበት። ኮንቴይነር የሚያመላልሱት ብዙዎቹ መኪናቸውን በብድር የገዙ ስደተኞች ነበሩ። የሚከፈላቸው በጭነት እንጂ በሰዓት ስላልነበረ፣ ወደብ በር ላይ ተሰልፈው ያቃጠሉት ናፍጣም ሰዓትም ከኪሳቸው የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 መግቢያ ጀምሮ የካሊፎርኒያ ደንብ አሮጌ ሞተሮችን ከወደቡ ሲያግድ፣ ማጣሪያ ለማስገጠምና መኪና ለመቀየር የተመደበው ድጎማ ለሁሉም አልበቃም። ብዙ ሾፌሮችም ተቃውመው አደባባይ ወጡ። በሌላ በኩል የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ከተዘረጋ ድልድይ ሆነው ከሥር የሚያልፉትን መኪኖች ጭስ ሲለኩ፣ ጥቀርሻው በግማሽ ያህል ቀንሶ አገኙት። አየሩ በእርግጥ ጸዳ፤ የጸዳበትን ዋጋ ግን ከአቅማቸው በላይ የከፈሉ አሉ። ወደፊት ይህን የሚሞክር ከተማ ሾፌሩን ከመጀመሪያው ስብሰባ መጥራት አለበት።

እኛ ዘንድ ሰፈር በበሽታ ላይ በአንድነት መውጣቱ አዲስ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ያ ክፉ ጉንፋን፣ የኅዳር በሽታ፣ አዲስ አበባን ከደቆሰ ወዲህ፣ ኅዳር 12 ቀን ሁሉም ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ያን ቀን ሽማግሌውም ሕፃኑም መጥረጊያ ይዞ ሲወጣ ማየት ደስ ይላል። ጭሱ በሽታ ያባርራል የሚለው እምነት ዛሬ ባያስኬድም፣ በአንድ ቀን መላው ሰፈር ለጤናው ደጅ መውጣቱ ሊጠበቅ የሚገባው ቅርስ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» ቀንም መኪና ሲከለከል ልጆች አስፋልቱን ሲሞሉት አይተናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ቀድመው የገቡት ሚኒባሶች፣ አይሱዙዎችና ሲኖትራኮች ግን ገና ብዙ ዓመት ዳገቱን ይወጣሉ። እነሱን በተመለከተ ሰፈር የሚሠራው ሥራ አለ።

አንድ ታክሲ ተራ አጠገብ ጥቂት ቁሙ። ተራ አስከባሪው ደብተር ይዞ የመኪናውን ቁጥር በየተራው ይጽፋል። ከጎኑ ተራ የሚጠብቀው ሚኒባስ ሞተሩ እየሠራ ቆሟል፤ ከበስተኋላው በቆሎ የምትጠብስ ሴት ተቀምጣለች። ሾፌሩን ለምን እንደማያጠፋው ብትጠይቁት መልስ አለው፦ ባትሪው ደክሟል፣ ሞተሪኖውም አያስተማምንም፤ ካጠፋው ተገፍቶ ነው የሚነሣው። እውነቱን ነው። ለዚህ ችግር ቅጣት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ የሰፈሩ ዕድር ግን ሊረዳ ይችላል። ከአባላቱ መካከል መካኒክ አይጠፋም። ፊልትሮ በዋጋው የሚያጸዳ፣ ለባትሪ የሚሆን ገንዘብ በዕቁብ የሚያደራጅ፣ ተራ አስከባሪውንም «የሚጠብቅ ያጥፋ» እንዲል የሚያስማማ ሰው ይገኛል። በዚያ ደብተር ላይ ደግሞ አንድ ዓምድ ተጨምሮ ሳያጠፋ የቆመውና ጥቁር የሚያጨሰው ይመዝገብ። ከሦስትና ከአራት ሰፈር የተሰበሰበ እንዲህ ያለ መዝገብ ወረዳም ክፍለ ከተማም ሊያልፈው አይችልም።

ዌስት ኦክላንድ ውስጥ ከቆጠራው እስከ ጠንካራው ደንብ ሰባት ዓመት ያህል ሄዷል። በሰባት ዓመት ውስጥ ዛሬ የተወለደ ልጅ አንደኛ ክፍል ይገባል። ትምህርት ቤት በእግሩ ሲመላለስ የተሻለ አየር እንዲስብ ከፈለግን፣ በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ከመዋጮው ጉዳይ ቀጥሎ የጭሱ ጉዳይ ይነሣ።