የጣሳው ጽና፦ ለልጆቻችን ምን እንግዛላቸው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ ልጽፍላችሁ የወደድሁት ስለ ልጆች መጫወቻ ነው። «ስለ መጫወቻ ደግሞ ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ካለፈው ዓመት ነሐሴ በፊት እንዲሁ እል ነበር። የምነግራችሁ ግን የሌላ ሰው ስሕተት ሳይሆን የራሴን ነው፤ ታነቡትና በእኔ የደረሰው በእናንተ ቤት እንዳይደርስ ትጠነቀቁ ዘንድ።

የስድስት ዓመት ወንድ ልጅና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ለገና በዓል ከመርካቶ በባትሪ የምትሠራ አንዲት መኪና ገዛሁላቸው። ቁልፏ ሲነካ ትሮጣለች፣ መብራቷን ታብለጨልጫለች፣ ትዘፍናለች፤ ግድግዳ ስትነካም ራሷ ዞራ ትመለሳለች። ዋጋዋ ከበዓሉ ዶሮ ዋጋ አያንስም ነበር። በሥራ ምክንያት ከልጆቼ የምርቅበትን ጊዜ ሁሉ በእርሷ የምክሳቸው መስሎኝ ነበር። ልጄ በመጀመሪያው ቀን በደስታ ጮኸ፤ በሁለተኛው ቀን ቁጭ ብሎ ተመለከታት፤ በአራተኛው ቀን ባትሪዋ አለቀ፤ አዲስ ባትሪ ግዛልኝ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። አሁን ሳስበው ምክንያቱ ይገባኛል። መኪናዋ ትጫወት ነበር እንጂ ልጄ አልተጫወተም። ለእርሱ የተረፈው ሥራ ማየት ብቻ ነበር።

ወራት አለፉና ጾመ ፍልሰታ ገባ። እንደምታውቁት በዚህ ጾም ሕፃናት ሳይቀሩ በየዕለቱ ያስቀድሳሉ፣ ይቆርባሉ። እኔ ከሥራ ስለማልቀር ልጆቼን ይዛ የምትሄደው እናቴ ናት። ልጄ በቅዳሴው ሰዓት ዐይኑን ከካህኑ ጽና ላይ እንደማይነቅል፣ የሻኩራው ድምፅ ሲሰማ አንገቱን አስግጎ እንደሚፈልገው እናቴ እየሳቀች ትነግረኝ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ማታ ደክሞኝና ርቦኝ ወደ ቤት ስገባ ምንጣፉ ላይ አመድ ተበትኖ አገኘሁ። ልጄ የአያቱን ነጠላ እንደ ካባ ደርቧል። የቲማቲም ድልህ ጣሳ በሦስት ሲባጎ አንጠልጥሏል፤ በሲባጎው ላይ የለስላሳ ቆርኪዎችን በምስማር እየበሳ ሰክቶ ሻኩራ አድርጎታል። ከከሰል ምድጃው የወሰደውን የቀዘቀዘ አመድ በጣሳው ሞልቶ ሳሎኑን እየዞረ ያጥናል። እኅቱ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ በጉልበቶቿ መካከል ይዛ እንደ ከበሮ ትመታለች። የሶፋው ትራሶች ሁሉ ወርደው በተርታ ቆመዋል፤ ምእመናን መሆናቸው ነው።

እኔ ያየሁት ግን አመዱን ብቻ ነበር። «ይህ የእግዚአብሔር ነገር ነው! መቀለጃ አይደለም!» ብዬ ጮኽሁ። ጣሳውን ከእጁ ነጥቄ ከቆሻሻ መጣያው ጨመርሁት። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና አንዲት ቃል ሳትናገር ተመለሰች። ልጄም አላለቀሰም። ነጠላውን አጥፎ ቦታው አስቀመጠና ትራሶቹን አንድ በአንድ ወደ ሶፋው መለሰ።

በተከታዩ እሑድ አብረን ስናስቀድስ ካህኑ እያጠኑ ወደ እኛ ሲቀርቡ ልጄ ከአያቱ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገ። ከቅዳሴ በኋላ ለብቻው ወስጄ «ምነው ልጄ?» አልሁት።

«ቀልጄበታለሁ እኮ፤ ይቆጣኛል» አለኝ።

«ማን?»

«እግዚአብሔር።»

ወገኖቼ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ ሕፃናትን ሳስተምር ዓመታት የቆጠርሁ ሰው ነኝ። ልጄን ከሚወደው ነገር በአንዲት ቁጣ እንዳሸሸሁት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ወዲያው ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ የሆነውን ነገርኋቸው። እርሳቸውም «ልጅህ ሲያጥን ይስቅ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አይስቅም ነበር አልኋቸው። «ታዲያ ምን ይል ነበር?» አሉኝ። ቆም ብዬ ሳስታውስ ከንፈሩ የእናቴን ስም ይጠራ ነበር፤ እግሯን ታምማለችና።

«እንግዲያማ ቀልድ አልነበረም» አሉኝ። «ልጅ የሚወደውን ይመስላል፤ የናቀውን አይጫወተውም። ማላገጥና መምሰልን ለይተህ ማወቅ ነበረብህ።» ቀጥለውም ስንክሳር በግንቦት 7 ቀን ስለ ቅዱስ አትናቴዎስ የሚተርከውን አስታወሱኝ።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አትናቴዎስ ገና ሕፃን ሳለ፣ ሳይጠመቅም፣ የክርስቲያን ልጆች አንዱ ካህን፣ አንዱ ዲያቆን፣ አንዱ ኤጲስ ቆጶስ እየሆኑ ሲጫወቱ አየ። አብሯቸው ሊጫወት ቢለምን ክርስቲያን ስላልሆነ ከለከሉት። ክርስቲያን እንደሚሆን በነገራቸው ጊዜ ግን ተቀበሉት፤ ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጠውም ሊቀ ጳጳሳት አደረጉት፣ ሰገዱለት። ሊቀ ጳጳሳቱ አባ እለእስክንድሮስ በዚያ ሲያልፉ ይህን አዩ። ልጆቹን አልገሠጹም፤ ይህ ሕፃን አንድ ቀን ከታላቅ ማዕረግ መድረሱ እንደማይቀር ተናገሩ እንጂ። ያ ሕፃን እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ጉባኤ ከአባ እለእስክንድሮስ ጋር የተገኘው ዲያቆን፣ በኋላም በመንበራቸው የተቀመጠው ሐዋርያዊው አትናቴዎስ ነው። ለአገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመልንም እርሱ ነው።

አባ እለእስክንድሮስ በዚያች ቀን እንደ እኔ ቢቆጡ ኖሮስ? ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ ሌሊት አደርሁ።

ነቢዩ ዘካርያስም ስለ ኢየሩሳሌም መታደስ ሲናገር (8፥5) ከተማዪቱ ሰላም ለማግኘቷ ምልክት ያደረገው በአደባባዮቿ የሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆችን ነው። ነቢዩ የሕፃናትን ጨዋታ የበረከት ማሳያ ካደረገው፣ እኛ እንደ ዋዛ የምናይበት ምክንያት የለንም።

እንግዲህ ለልጆቻችን መጫወቻ ስንመርጥ ምን እንመልከት? ከስሕተቴ የተማርሁትን ላካፍላችሁ።

አስቀድማችሁ፣ ሥራው የማን እንደሆነ ጠይቁ። መጫወቻው ሁሉን ራሱ የሚሠራ ከሆነ ለልጁ የሚተርፈው የለም። ጥሩ መጫወቻ ልጁ የሚጨርሰው ነገር ነው። ጭቃ በሬም ቤትም ይሆናል፤ ቁራጭ ጨርቅ አሻንጉሊትም ኳስም ይሆናል፤ ሽቦና ቆርኪ መኪና ይሆናል። ከሱቅ የሚገዛም ቢሆን እንዲህ ያለ አለ። በዴንማርክ የሚሠራውን ሌጎ የሚባለውን መገጣጠሚያ ጡብ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ባለ ስምንት ጉብታ የሆኑ ስድስት ጡቦች ብቻ ከ915 ሚሊዮን በሚበልጡ መንገዶች ይገጣጠማሉ። ይህን ሁሉ የሚያስገኘው የልጁ እጅና አሳብ ነው። ሌጎ መግዛት የማይችል ደግሞ ከእንጨት ሠሪ ቁርጥራጭ ለምኖ በአሸዋ ወረቀት ቢያለሰልስ ልጁ አልተጎዳም።

ሁለተኛ፣ ባልንጀራ የሚጠራውን ምረጡ። ቅልልቦሽ፣ ገበጣ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ብይ፣ ሁሉም ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። ልጅ ተራ መጠበቅን፣ ማሸነፍን ሳይኩራራ፣ መሸነፍን ሳያኮርፍ የሚማረው በእነዚህ ነው። ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱ ልጆችን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በቆርኪ ወጥ ሠርተው፣ በቅጠል እንጀራ ጋግረው መጀመሪያ የሚያደርጉት እንግዳ መጥራት ነው። መጫወቻው ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ነገር ይሁን ማለቴም አይደለም። ሐኪም ሆኖ የሚያክም፣ ባለ ሱቅ ሆኖ የሚመዝን ልጅም ሰውን ማገልገል እየተለማመደ ነው።

ሦስተኛ፣ የማይጎዳውን ምረጡ። ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ወደ አፍ ገብቶ ጉሮሮ ሊዘጋ የሚችል ትንሽ ነገር አትስጡ። እንደ አዝራር ያለች ክብ ባትሪ ያለበትን መጫወቻ ክዳኑ በብሎን መታሰሩን ሳታረጋግጡ አትግዙ፤ ልጅ ቢውጣት በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለችና። ረጅም ገመድም ከትንንሽ ልጆች አንገት ይራቅ።

አራተኛ፣ ስልክን የመጫወቻ ምትክ አታድርጉት። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ ይመክራል፤ ቢያንስም ይመረጣል ይላል። ልጄ ጣሳው ከተጣለበት በኋላ ባሉት ቀናት የሄደው ወደ እኔ ስልክ ነበር። ዝም ስላለልኝ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ እንደ ነበር አልደብቃችሁም።

በመጨረሻም፣ ልጆች ቅዱሱን ነገር ሲመስሉ ብታዩ ወሰኑን በፍቅር አሳዩአቸው። ንዋየ ቅድሳት ለጨዋታ አይሰጥም፤ እሳትም አይሰጥም። ጣሳው ግን ጣሳ ነው። «ይህ እውነተኛው አይደለም፤ እውነተኛው በቤተ መቅደስ ነው፤ አንተ ግን እየተለማመድህ ነው» ማለት በቂ ነው። እኔ ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር አጥቼ ነው የጮኽሁት።

ነሐሴ 12 ቀን፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ቃጫ ገዝቼ ገባሁና ሳሎኑ መካከል ተቀምጬ ጅራፍ መግመድ ጀመርሁ። ከልጅነቴ ወዲህ ገምጄ ስለማላውቅ ደጋግሞ ይፈታብኝ ነበር። እናቴ ከወንበሯ ሆና «ወደ ግራ ነው የሚዞረው» እያለች ታርመኛለች። ልጄ ከሩቅ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «አባዬ፣ ይህስ ቀልድ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

የጅራፉ ጩኸት በደብረ ታቦር ተራራ የተሰማውን የአብን ድምፅ እንደሚያስታውስ አባቶች ያስተማሩንን ነገርሁት። ከዚያም «ጨዋታ ነው፤ ቀልድ ግን አይደለም። ያንተም ጽና ቀልድ አልነበረም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ ልጄ» አልሁት። ምንም አልመለሰልኝም። ቀስ ብሎ መጥቶ የቃጫውን ጫፍ ያዘልኝ። እኅቱም መጥታ ሌላውን ጫፍ ያዘች። በማግሥቱ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲያስጮኸው ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

ጽናውን ግን እስከ ዛሬ መልሶ አልሠራውም። አንድ የድልህ ጣሳ አጥቤ፣ ጠርዙ እንዳይቆርጠው በመዶሻ አስተኝቼ፣ ከሲባጎና ከቆርኪ ጋር በቅርጫት አድርጌ መስኮቱ ሥር አስቀምጬለታለሁ። ሥራው ብዬ አላዘዝሁትም፤ ሳዝዘው የእኔ ይሆናልና። ካህኑ እያጠኑ ሲያልፉ ከአያቱ ቀሚስ ኋላ መሸሸጉን ትቷል፤ ሻኩራው ሲሰማም አንገቱን ማስገግ ጀምሯል። እኔም እጠብቃለሁ።

እናንተስ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ምንጣፉ ላይ አመድ ብታገኙ፣ ከመጮኻችሁ በፊት ልጃችሁ ምን እየሠራ እንደሆነ ጠይቁት።

የልጆቻችንን አእምሮና ልብ ይባርክልን፤ እኛንም አስተዋይ ወላጆች ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።