ድሬዳዋ፦ ሙቀቱን ከደጅ የሚመልሱ ቤቶች

ድሬዳዋ ለመሄድ ካሰቡ አንድ ምክር ልስጥዎ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይድረሱ። “እንዴ! በዚያ ሙቀት?” ይሉ ይሆናል። አዎ፣ በዚያ ሙቀት። የከተማዋን ብልሃት በደንብ የሚያዩት ያን ጊዜ ነው።

ከድሮው ባቡር ጣቢያ ይነሱና በእግርዎ ወደ ቀዚራ ያዝግሙ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙን ዛፍ ይዞታል። በሌላው የአገራችን ክፍል ሰዉ “የድሬዳዋ ዛፍ” እያለ የሚጠራው፣ ቀይ አበባ የሚያፈካው ዛፍ እዚህ በአገሩ ነው። ከጥላ ወደ ጥላ እየተሻገሩ ሲሄዱ፣ ከጣቢያው ሲወጡ አናትዎን የመታዎት ፀሐይ ቀስ በቀስ ይረሳዎታል።

ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነበር። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስላስቸገረ ከተማዋ በሜዳው ላይ ተቆረቆረች። ቀዚራን የቀየሰው የባቡሩ ኩባንያ ነው። በዚያ ዘመን ቤት የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አልነበረምና ሙቀቱን መከላከል የነበረባቸው ግድግዳው፣ በረንዳውና ዛፉ ነበሩ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም እነዚህን ቤቶች ስንት ጊዜ አልፌያቸዋለሁ፤ ልብ ያልኳቸው ግን ባለፈው ግንቦት ነው። ታናሽ ወንድሜ የአዲስ ቤቱን ምርቃት ጠርቶን ነበር። ያጠራቀመውን ሁሉ ያፈሰሰበት ቤት ነው። ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ሆኖ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ያያል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ዝቅ ያለ። ኤሲው እየሠራ ሳለ ሁላችንም አደነቅን። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ከመስታወቱ የሚከፈተው ከላይ ያለች ትንሽ ክፍል ብቻ ነበረች። ቤቱ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ ሲተፋብን አደረ። የስምንት ወር ሕፃናቸው አንገቷ በሙቀት ሽፍታ ቀልቶ ስታለቅስ ፍራሹን ይዘን ግቢ ወጣን። ወንድሜ እስኪነጋ አንዲት ቃል አልተናገረም።

በማግስቱ ቀዚራ የሚኖሩ አንዲት የቤተሰባችን ወዳጅ ቡና ጠሩን። እርስዎም እንዲህ ያለ ቤት የሚያስገባዎት ቢያገኙ እንዳያልፍዎ። በረንዳውን አልፌ ስገባ ቆዳዬ ላይ የተሰማኝ ቅዝቃዜ ገረመኝና “እማማ፣ ኤሲው የት ነው?” አልኳቸው። ሳቁብኝ። “ጠዋት በሦስት ሰዓት መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ማታ በአንድ ሰዓት እከፍታለሁ። ሌላ ምን አለው ልጄ?” አሉኝ።

ሌላ ነገርስ ነበረው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ የቀኑ ሙቀት ወደ ውስጥ ዘልቆ ሳይጨርስ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። ኮርኒሱ ከፍ ያለ ስለሆነ ሞቃቱ አየር ከሰው ራስ በላይ ይቀራል፤ ከጣሪያው ሥር ባሉት ቀዳዳዎችም ይወጣል። በረንዳው ፀሐይዋ ግድግዳውን እንዳትነካ ይከልላል። የመስኮቱ የእንጨት መዝጊያም ብርሃኑን ከውጭ በኩል ያግዳል። ከመስታወት በስተጀርባ የሚሰቀል መጋረጃ ግን ሙቀቱ ከገባ በኋላ ነው የሚደርስበት።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ደረቅ በመሆኑ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የእማማ ግድግዳ ያንን የሌሊት ቅዝቃዜ አጠራቅሞ ቀን ያወጣዋል። በዚምባብዌዋ ሐራሬ በ1996 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኢስትጌት የተባለ ትልቅ ሕንፃም በዚሁ መንገድ ይሠራል። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ የምስጥ ኩይሳን አስቦ ነው የነደፈው፤ ማራገቢያዎች የሌሊቱን አየር ወደ ኮንክሪቱ ያስገቡና ቀን ክፍሎቹ በዚያ ይቀዘቅዛሉ። እንደ ጋምቤላ እርጥበት ባለበትና ሌሊቱም በሚሞቅበት አገር ግን ወፍራም ግድግዳ ብዙም አይጠቅምም፤ እዚያ የሚበጀው ነፋስ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍበት፣ ጥላው የበዛ ቀለል ያለ ቤት ነው።

ቤት ሊሠሩ ካሰቡ ደግሞ ከመስታወቱ ቀለም በፊት አቅጣጫውን ይምረጡ። በእኛ አገር ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ አናት ስለምትጠጋ የሰሜኑንና የደቡቡን ግድግዳ ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ይከልለዋል። ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ዝቅ ብላ የምትመጣዋን ግን ክፈፍ አያቆማትም። ስለዚህ የቤቱ ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ፣ ትልልቅ መስኮቶችም በዚያው በኩል ቢሆኑ ይመረጣል።

“ቤቴ አልቋል፣ አሁን ምን ላድርግ?” ካሉ፣ የወንድሜም ጥያቄ ይኸው ነበር። አንድ ግንበኛ አማክሮ ከመስታወቱ ውጭ የቀርከሃ መከለያ አቆመ። የማይከፈቱትን መስኮቶች እንዲከፈቱ አስደረገ፤ ትንኝ እንዳይገባም ወንፊት አስመታ። ቆርቆሮውን ነጭ ቀባው፤ ከኮርኒሱ በላይ የታመቀው አየር እንዲወጣም ከጣሪያው ጫፍና ጫፍ ቀዳዳ አበጀ። በምዕራብ በኩል፣ ከመሠረቱ ራቅ አድርጎ፣ ሁለት የኒም ችግኝ ተከለ። ኤሲውን አልነቀለውም፤ ግን በር ተዘግቶ አንዱን መኝታ ቤት ብቻ ያቀዘቅዛል፣ ማጣሪያውም በየጊዜው ይታጠባል።

ሰሞኑን ስደውልለት “ሳሎኑ ከሰዓት በኋላ አሁንም ይሞቃል” አለኝ። ኒሙ ገና ከጉልበት አላለፈም። መብራት በጠፋ ሌሊት ግን ልጅቱ አልጋዋ ላይ ታድራለች፤ ፍራሽ ይዞ መውጣቱ ቀርቷል።

እርስዎም ድሬ ሲሄዱ ለዕይታ ብለው ከቀዚራ ቶሎ አይመለሱ። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ የእንጨት መዝጊያዎቹ አንድ በአንድ ሲከፈቱ ይሰማሉ፤ ሰዉም ወንበሩን ይዞ ወደ በረንዳ ይወጣል። አንዱ ጠርቶ ሻይ ቢያቀርብልዎ እምቢ አይበሉ። ቁጭ ብለው ቤቱ እንዴት እንደተሠራ ይጠይቁ።