ደኑ ውስጥ እንሂድ፣ ውጪ እንደር

ከሚዛን ተፈሪ ወደ በበቃ የቡና እርሻ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ቡናውም እየሰፋ ይሄዳል። በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻ ነበር፤ በኋላ ወደ ግል ተዛወረ። ይዞታው 10 ሺህ ሄክታር ይጠጋል። ቡናው ከረጃጅም ጥላ ዛፎች ሥር ስለሚበቅል ጉሬዛዎቹ አልሸሹም፤ ከመኪና ሳልወርድ ነው ያየኋቸው።

እኔን የሳበኝ የእርሻው የእንግዳ ማረፊያ ነው። መሬቱ ዱሮ ተመንጥሯል፤ መንገዱና ቤቱም አለ። የሸካንም ሆነ የካፋን ደን ለማየት የሚመጣ ሰው እንዲህ ባለ ቦታ አድሮ፣ ጠዋት ደኑ ውስጥ ቢራመድ ምን ይጎድልበታል? ካፋ በ2002 ዓ.ም.፣ ሸካ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆነው ተመዝግበዋል። ሸካ ብቻውን ከ238 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። መሀሉ አይነካም፤ ዙሪያው በጥንቃቄ ይጠቀሙበታል፤ ሰው የሚኖረውና የሚያርሰው ከዚያ ወዲያ ነው። የሎጅም ቦታው እዚያው ነው።

በቴፒ መንገድ ካየኋቸው ማረፊያዎች የአንዱ ሽንት ቤት እስካሁን ያበሳጨኛል። ጉድጓዱ ዝናብ ሞልቶት ወደ ጓሮው ወንዝ ይፈሳል፤ ከታች ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ። በዓመት እስከ 2,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አገር ጉድጓድ መቆፈር ወንዝን መበከል ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራ፣ ሽንቱን ለይቶ የሚያወጣ፣ አመድ የሚነሰነስበት ደረቅ ሽንት ቤት ይበጃል። አመድ እንደሆነ በየማጀቱ ሞልቷል። ከአልጋው ቁጥር በፊት ይህ ይታሰብ።

ሸካ ደን ውስጥ የመሩኝ ማር ቆራጭ ሽማግሌ ነበሩ።

«አባባ፣ ለቱሪስት መንገድ ቢጠረግስ?» አልኳቸው።

«መንገድማ አለ። ቀፎ ልንሰቅል የምንሄድበት ምን ሆነ?»

በሸካ ደኑ በ«ቆቦ» ተከፋፍሏል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት፣ ከአባት የወረሰው ድርሻ አለው። ስለዚህ በሽማግሌው መንገድ የሚያልፍ እንግዳ የእሳቸውም እንግዳ ነው፤ የመግቢያው ገንዘብ ሲከፈል ከፊሉ ለባለ ቆቦው ሊደርስ ይገባል። ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቀድመው ይጠይቁን» አሉ። «ማር በሚቆረጥበት ጊዜ አይምጡ፣ ንቡ ይቆጣል። በቀረው ጊዜ እኔው አስገባቸዋለሁ፤ ማታ ግን ይውጡ።»